አሮጌው ቀፎ፦ አውትሉክ ኤክስፕረስ ደብዳቤዎቻችንን እንዴት ያዘ?

እስቲ አንድ ቢሮ በምናባችን እንሥራ። ቦታው ቦንጋ ነው፤ የካፋ ዞን ዋና ከተማ፣ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቅ። ውጭ ዝናብ ይዘንባል። ጥግ ላይ ጨርቅ የለበሰ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ከቡና ገዢዎች ጋር የተደረገ ስምምነት፣ ተመራማሪዎች የላኩት የዛፍ ቆጠራ ሰንጠረዥ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ የፕሮጀክት ደብዳቤ፣ የዓመታት ልውውጥ ሁሉ የተቀመጠው እዚህ ማሽን ውስጥ ነው። አንድ ቀን አንድ የቆየ ደብዳቤ ተፈለገ። ማሽኑ ተከፈተ፤ የኢሜይል ፕሮግራሙም ተከፈተ። ኢንቦክሱ ግን ባዶ ሆኖ ታየ።

"ልጄ፣ አንቺ ኮምፒውተር ትችያለሽ አይደል? እስቲ ነይና እዪልኝ" አሉ የቢሮው ኃላፊ፣ ስልክ ደውለው።

"እሺ ጋሼ፣ እመጣለሁ። እስክደርስ ግን ምንም አይንኩት።"

ቢሮውም ሰዎቹም የምናብ ናቸው። ችግሩ ግን እውነተኛ ነው፤ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው የዓመታት ደብዳቤውን በዚህ መንገድ አጥቷል። ፕሮግራሙ አውትሉክ ኤክስፕረስ ይባላል። ልጅቷ "አይንኩት" ማለቷ ትክክል ነበር። ለምን ትክክል እንደሆነ የሚገባን የፕሮግራሙን ሆድ ስናይ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሁለት ነገር አብረን እንሠራለን፤ የተዘጋውን ሳጥን እንዴት እንደሚከፍቱት እናያለን፣ እግረ መንገዳችንን ደግሞ ፕሮግራሙን እንገመግማለን። አሮጌ ነው ብለን ብቻ አንፈርድበትም። ያረጀ ነገር ሁሉ መጥፎ አይደለም።

ለቀጭን መስመር የተሠራ ፕሮግራም

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 ኢንተርኔት ሜይል ኤንድ ኒውስ የሚባል የመልእክት ፕሮግራም አወጣ። በ1997 ስሙን ቀይሮ አውትሉክ ኤክስፕረስ አለው። በ2001 ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲመጣ ስድስተኛው ስሪት አብሮት መጣ። ከዊንዶውስ ጋር በነፃ ስለሚመጣ ማንም ፈልጎ መጫን አላስፈለገውም። ኮምፒውተሩ ካለ ፕሮግራሙም አለ።

የአገራችንን ታሪክ ከጎኑ እናስቀምጥ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ፊዶኔት በሚባል ዘዴ የኢሜይል አገልግሎት ይሰጥ ነበር። መልእክቱ መጀመሪያ ይጠራቀማል፤ ከዚያ ስልክ ይደወልና በአንድ ጊዜ ይላካል። ቀጥተኛው የኢንተርኔት አገልግሎት በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽኑ በኩል የተጀመረው በጥር 1989 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1997 ማለት ነው። አውትሉክ ኤክስፕረስ በዚህ ስሙ የወጣውም በዚያው በ1997 ነው። እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል።

በዚያ ዘመን መስመሩ ምን ያህል ቀጭን ነበር? በስልክ መስመር የሚሠራ ጥሩ ሞደም በጣም ቢፈጥን በሰከንድ 56 ሺህ ቢት ነው የሚያመጣው። አንድ 2 ሜጋባይት የሚሆን ፎቶ የያዘ ኢሜይል 16.8 ሚሊዮን ቢት ገደማ ነው። ስናካፍለው 300 ሰከንድ ይመጣል። አምስት ደቂቃ ለአንድ ፎቶ! ያውም መስመሩ ካልተቋረጠ።

አውትሉክ ኤክስፕረስ ለዚህ ሁኔታ በደንብ ተስማምቶ ነበር። ፖፕ 3 በሚባለው ስምምነት መሠረት ሰርቨሩን ጠርቶ መልእክቶቹን በሙሉ ወደ ኮምፒውተሩ ያወርዳል፤ ከዚያ መስመሩ ሊዘጋ ይችላል። ማንበብ፣ መፈለግ፣ መልስ መጻፍ፣ ሁሉም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የተጻፈው መልስ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ መስመር ሲገኝ ይሄዳል። ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ቦታ ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ዛሬም ቢሆን ብዙ አታገኙም። በዚያ ላይ ደብዳቤው ያለው እናንተ ጋ ነው፤ በባዕድ አገር ሰርቨር ላይ አይደለም። ለዚህ ሙሉ ማርክ ይገባዋል።

ችግሩ የሚጀምረው ደብዳቤውን ከተቀበለ በኋላ ነው። ተቀብሎ የት አስቀመጠው?

ግንድ ቀፎና የፍሬም ቀፎ

ካፋ የማር አገር ነው። ደኑ ውስጥ ዛፍ ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ረጅም ባህላዊ ቀፎ ያላየ የአካባቢው ልጅ ያለ አይመስለኝም። በባህላዊው ቀፎ ውስጥ ንቦቹ የማር እንጀራውን ከቀፎው ግድግዳ ጋር አጣብቀው ይሠሩታል። ማሩም፣ እጩም፣ ሰፈፉም አንድ ላይ ነው። አንዱን ለመቁረጥ ስትሞክሩ ሌላው ይነካል። ዘመናዊው ቀፎ ደግሞ ፍሬም አለው። አንዱን ፍሬም መዝዛችሁ ታያላችሁ፤ ከታመመ እሱን ብቻ ታወጣላችሁ፤ የቀረው ባለበት ይቆያል።

አውትሉክ ኤክስፕረስ ባህላዊው ቀፎ ነው። በኢንቦክስ ውስጥ የሚታዩት ሺህ ደብዳቤዎች ሺህ ፋይሎች አይደሉም። ሁሉም በአንድ ፋይል ውስጥ ነው ያሉት፤ ፋይሉም ኢንቦክስ ዶት ዲቢኤክስ ይባላል። የተላኩት በሌላ አንድ ፋይል፣ የተሰረዙት በሌላ አንድ ፋይል ይቀመጣሉ። ከእነዚህ በላይ ፎልደርስ ዶት ዲቢኤክስ የሚባል ማውጫ አለ፤ የትኛው ፎልደር የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነው። በየፋይሉ ውስጥ ደግሞ "ይህ ደብዳቤ ከዚህ ቦታ ይጀምራል" የሚሉ ጠቋሚዎች አሉ።

ጠቋሚ ከተበላሸ ምን ይሆናል? ደብዳቤው ዲስኩ ላይ አለ፤ ፕሮግራሙ ግን መንገዱን ስለማያውቅ "የለም" ይላል። ልጅቷ ባዶ ኢንቦክስ ስታይ ያልደነገጠችው ለዚህ ነው። ባዶ ሆኖ መታየትና ባዶ መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አንድ ፋይል መሆኑ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ዩዶራ የሚባለው የዚያ ዘመን ፕሮግራምም፣ ተንደርበርድም፣ ኤምቦክስ በሚባል ዘዴ የአንድ ፎልደር ደብዳቤዎችን አንድ ፋይል ውስጥ ይደረድራሉ። ልዩነቱ ኤምቦክስ ተራ ጽሑፍ መሆኑ ነው፤ ፕሮግራሙ ቢሞት እንኳ ፋይሉን በኖትፓድ ዓይነት ነገር ከፍታችሁ ማየት ትችላላችሁ። የዲቢኤክስን አሠራር ግን ማይክሮሶፍት ለሕዝብ አላብራራም። የውጭ ፕሮግራመሮች ፋይሉን ባይት በባይት እየመረመሩ፣ እየገመቱ ነው የፈቱት። ዛሬ ያሉት የማዳኛ መሣሪያዎች ከዚያ ልፋት የመጡ ናቸው።

የመጀመሪያው ወቀሳችን እንግዲህ ይህ ነው፤ የሰውን ደብዳቤ ሌላ ሰው በማያውቀው ቁልፍ ቆለፈበት።

ሁለተኛው ወቀሳ ቦታውን ይመለከታል። እነዚህ ፋይሎች የሚቀመጡት ማይ ዶክመንትስ ውስጥ አይደለም። ከዓይን በተሰወረ አፕሊኬሽን ዳታ በሚባል ፎልደር ውስጥ፣ ረጅም የቁጥርና የፊደል ስም ካለው ሌላ ፎልደር ሥር ነው ያሉት። አሁን የሰፈራችንን የኮምፒውተር ጥገና አስቡት። ማሽኑ ሲታመም የሚታዘዘው መድኃኒት ምንድን ነው? ፎርማት! ጥገና የሚሠራው ልጅ ጠንቃቃ ከሆነ ዴስክቶፕ ላይ ያለውንና ማይ ዶክመንትስን ወደ ፍላሽ ይገለብጣል። "ሌላ የሚፈለግ ነገር አለ?" ብሎ ይጠይቃል። "የለም" ይባላል። ደብዳቤዎቹ ግን ከሁለቱም ቦታ አልነበሩም። ጥፋቱ የጥገናው ልጅ ነው? የቢሮው ነው? እኔ ግማሹን ጥፋት የምሰጠው ሳጥኑን ከባለቤቱ ለደበቀው ፕሮግራም ነው።

የማይሰረዝ ስርዝ

አሁን ወደ ትልቁ እንቆቅልሽ እንምጣ። አንድ ደብዳቤ ዲሊት ስታደርጉ ምን ይሆናል?

ከዝርዝሩ ይጠፋል። ከፋይሉ ውስጥ ግን አይወጣም። ፕሮግራሙ ጠቋሚውን ብቻ ያነሳና ቦታውን "ባዶ" ብሎ ይመዘግበዋል። ባዶ የተባለው ቦታ ለጊዜው እዚያው አሮጌውን ጽሑፍ እንደያዘ ይቆያል። ስለዚህ ሺህ ደብዳቤ ብታጠፉም የፋይሉ መጠን አይቀንስም። ይህ ሞኝነት አይደለም፤ ብዙ የመረጃ ቋቶች ለፍጥነት ሲሉ እንዲህ ያደርጋሉ። ግን አንድ ቀን ቤቱ መጠረግ አለበት። ጥርጊያው ኮምፓክት ይባላል። ፕሮግራሙ በሕይወት ያሉትን ደብዳቤዎች እያነሳ ወደ አዲስ ፋይል ይገለብጣል፤ ሲጨርስ አሮጌውን በአዲሱ ይተካል።

ይህ ሥራ ለፕሮግራሙ ቀዶ ጥገና ነው። መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ፣ ዲስኩ ቢሞላ፣ ወይም ተጠቃሚው ሰልችቶት ቢዘጋው ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። እኛ አገር መብራት መሀል ላይ መጥፋቱ አዲስ ነገር አይደለም። የፕሮግራሙ ሠሪዎች ይህን ለሰው እንዴት ነገሩት? ከዊንዶውስ ኤክስፒ ሁለተኛው የአገልግሎት ጥቅል ጀምሮ፣ ፕሮግራሙ 100 ጊዜ ከተዘጋ በኋላ አንድ መልእክት ይመጣል። የዲስክ ቦታ ለማስለቀቅ ደብዳቤዎቹን ላጥብብ ወይ ብሎ ይጠይቃል። በቃ! "የደብዳቤዎችህን ሁሉ ፋይል ልነካ ነው፤ መጀመሪያ ቅጂ ያዝ፤ እስክጨርስ አታቋርጠኝ" አይልም። ሰው ወደ ቤቱ ሊሄድ ኮምፒውተር እየዘጋ ሳለ ነው የሚጠይቀው። የቸኮለ ሰው ኦኬ ይላል፤ ከዚያ አልጨርስ ሲለው የማጥፊያውን ቁልፍ ይጫናል።

ለፍትሕ ሲባል አንድ ነገር መነገር አለበት። ይኸው ስሪት ሲያጠብብ የአሮጌውን ፋይል ቅጂ በባክ ቅጥያ ያስቀር ነበር። ጥሩ ሥራ ነው። ግን የት አስቀመጠው? ሪሳይክል ቢን ውስጥ፣ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ! ኢንቦክሱ የጠፋበት ሰው ኮምፒውተሩን "ላጽዳው" ብሎ መጀመሪያ የሚደፋው እሱን ነው። መድኃኒቱን ከቆሻሻው ጋር ማስቀመጥ ይሉታል ይሄ ነው። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ማሽን ሲያጋጥማችሁ ሪሳይክል ቢኑን ከመድፋት በፊት ከፍታችሁ እዩት።

የ2 ጊጋባይት ግድግዳ

አንድ የዲቢኤክስ ፋይል ከ2 ጊጋባይት ማለፍ አይችልም። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? እንዲህ ያለ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከቁጥር አጻጻፍ ነው። በፋይል ውስጥ የእያንዳንዱ ነገር ቦታ በቁጥር ይመዘገባል። ቁጥሩ 32 ቢት ከተሰጠውና አንዷ ቢት ለመቀነስ ምልክት ከተያዘች 31 ቢት ይቀራል። 2ን 31 ጊዜ ደርድረን ብናባዛ 2,147,483,648 ይመጣል። 2 ጊጋባይት ማለት ይኸው ነው። ከዚያ በላይ ያለ ቦታ በዚያ ቁጥር ሊጻፍ አይችልም፤ ልክ 99 ድረስ ብቻ መቁጠር የሚችል ቆጣሪ 100ኛውን እንደማያውቀው ማለት ነው።

2 ጊጋባይት ለመሙላት ምን ያህል ፎቶ ይበቃል? ኢሜይል በመሠረቱ ለጽሑፍ ስለተሠራ ፎቶ ሲላክ ወደ ፊደል ይለወጣል፤ 3 ባይት የነበረው 4 ይሆናል። 1.5 ሜጋባይት የነበረው ፎቶ 2 ሜጋባይት ይሆናል። ስለዚህ 1,000 ያህል ፎቶ ግድግዳውን ይነካል። የደን ፎቶ፣ የስብሰባ ፎቶ፣ የተቃኘ ደረሰኝ የሚቀበል ቢሮ እዚህ ለመድረስ ብዙ ዓመት አይፈጅበትም።

እውነት ለመናገር በ1997 ይህ ግድግዳ ሩቅ ነበር። የብዙ ሰው ኮምፒውተር ሙሉ ዲስክ እንኳ ጥቂት ጊጋባይት ነበር። ሠሪዎቹን በዚያ ዓመት ውሳኔ መውቀስ ትክክል አይሆንም። የሚወቀሱት በኋላ ባደረጉት ነው። የማይክሮሶፍት የሚሸጠው ፕሮግራም፣ አውትሉክ፣ ተመሳሳይ የ2 ጊጋባይት ግድግዳ ነበረው። የ2003ቱ ስሪት ላይ አዲስ ዓይነት ፋይል ተሠራለትና ወሰኑ ወደ 20 ጊጋባይት ከፍ አለ። ነፃው ወንድሙ ግን እዚያው ቀረ። ለሚከፍለው ታናሽ ጣሪያው ተነሳ፤ ለማይከፍለው አልተነሳም፤ "ጣሪያው ጋ ልትደርስ ነው" የሚል ግልጽ ማስጠንቀቂያ እንኳ አልተጨመረለትም።

የታመመውን መለየት

አሁን ልጅቷ ቢሮው ደርሳለች። ምን ታደርጋለች?

መጀመሪያ ፕሮግራሙን ከፍታ ከቱልስ ወደ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ሜንቴናንስ የሚለውን ገጽ ትከፍታለች። ስቶር ፎልደር የሚል ቁልፍ አለ፤ የፋይሎቹን ቦታ የሚናገረው እሱ ነው። አድራሻውን ትጽፈውና ፕሮግራሙን ትዘጋለች። ፎልደሩን በሙሉ ወደ ፍላሽ ትገለብጣለች። ከዚህ በፊት ምንም ጥገና የለም። የምትሞክረው ነገር ቢበላሽ ወደዚህ ቅጂ ትመለሳለች። (ወደ ሲዲ ከተገለበጠ ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ ከሲዲ ተመልሶ የመጣ ፋይል "ለንባብ ብቻ" የሚል ምልክት ይይዛል፤ ምልክቱ ካልተነሳ ፕሮግራሙ አይከፍተውም።)

ሁለተኛ፣ የፋይሎቹን መጠን ታያለች። ኢንቦክስ ዶት ዲቢኤክስ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ከሆነ ደብዳቤዎቹ እዚያ የሉም፤ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ያለውን የባክ ቅጂ ወይም ሌላ ቦታ የቀረ አሮጌ ፎልደር ትፈልጋለች። መቶዎች ሜጋባይት ከሆነ ግን ደብዳቤዎቹ አሉ፤ የተሰበረው መንገዱ ነው። ወደ 2 ጊጋባይት ከተጠጋ ደግሞ ምክንያቱ ግድግዳው ነው።

ሦስተኛ፣ እንደ በሽታው ታክማለች፤

ፋይሉ ሞልቶ ግን የሚከፈት ከሆነ፣ በዓመት በዓመት አዳዲስ ፎልደር ሠርታ ደብዳቤዎቹን በጥቂት በጥቂቱ ታዛውራለች። ከዚያ ወርክ ኦፍላይን የሚለውን መርጣ፣ ዲስኩ ላይ በቂ ባዶ ቦታ መኖሩን አረጋግጣ ታጠብባለች። እስኪያልቅ እጇን ትሰበስባለች።

ኢንቦክሱ ጨርሶ አልከፈት ካለ፣ ፕሮግራሙን ዘግታ ያንን ፋይል ብቻ ወደ ሌላ ቦታ ታወጣዋለች። ፕሮግራሙ ሲከፈት አዲስ ባዶ ኢንቦክስ ይሠራል፤ አዲስ ደብዳቤ መቀበል ይቻላል። የወጣው ፋይል በማዳኛ መሣሪያ ለብቻው ይመረመራል።

ፎልደሮቹ ከዝርዝሩ ጠፍተው ፋይሎቻቸው ግን ካሉ፣ የተጎዳው ማውጫው ነው። ፎልደርስ ዶት ዲቢኤክስን ስታወጣው ፕሮግራሙ ያሉትን ፋይሎች አይቶ አዲስ ማውጫ ይሠራል፤ አንዱ ፎልደር በሌላው ውስጥ የነበረበት አደረጃጀት ግን ይጠፋል።

ያው ደብዳቤ ደግሞ ደጋግሞ የሚወርድ ከሆነ፣ "ይሄን ወስጃለሁ" የሚለውን መዝገብ የሚይዘው ፖፕ 3 ዩአይዲኤል የሚባለው ትንሽ ፋይል ተጠርጣሪ ነው።

አንቲቫይረሱንም መርሳት የለባትም። ከሺህ ደብዳቤ በአንዱ ውስጥ ቫይረስ ቢገኝ፣ አንቲቫይረሱ የሚያየው አንድ ፋይል ስለሆነ ኢንቦክሱን በሙሉ አንስቶ ሊያስር ይችላል። አንድ የታመመ የማር እንጀራ ለማውጣት ቀፎውን በሙሉ እንደማቃጠል ነው።

ፊደሉ ሲበላሽ

ደብዳቤው ተገኘ እንበል፤ ግን አማርኛው አይነበብም። ይህ ሌላ በሽታ ነው፤ ምልክቱን አይቶ መለየት ይቻላል።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ከዚያ በኋላ ቢመጣም የግዕዝ ፎንት ይዞ አልመጣም፤ ንያላ የሚባለው ፎንት የመጣው ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው። ስለዚህ በፊደሎቹ ፈንታ ባዶ ሳጥኖች ከታዩ የጠፋ ነገር የለም፤ የጎደለው ፎንት ነው። እንደ አቢሲኒካ ያለ ፎንት መጫን ይበቃል።

በአንድ ፊደል ፈንታ ሦስት ሦስት እንግዳ የላቲን ምልክቶች ከታዩ ደግሞ፣ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት መያዙን አስታውሱ። "ቦንጋ" የሚለው ቃል 9 ባይት ነው። ፕሮግራሙ ዘጠኙን ባይት ዘጠኝ የላቲን ፊደል አድርጎ እያነበበ ነው። ቪው ከሚለው ውስጥ ኢንኮዲንግ ገብቶ ዩቲኤፍ 8ን መምረጥ ያስተካክለዋል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነ ግን የላቲኑ ዝብርቅርቅ ሌላ ዓይነት ነው፤ ያኔ የተጻፈበትን ፎንት ራሱን ማግኘት ያስፈልጋል።

የጥያቄ ምልክቶች ብቻ ከተደረደሩ ግን ያሳዝናል። ፊደሉ ሲላክ ነው የጠፋው፤ ከጥያቄ ምልክቱ በስተጀርባ የሚመለስ ነገር የለም።

ሠሪዎቹ ራሳቸው የሰጡት ፍርድ

በግምገማ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ "ይሄን ሁሉ የምትለው ዛሬ ላይ ቆመህ ነው፤ ያኔ ምን አማራጭ ነበር?" መልሱን ማይክሮሶፍት ራሱ ሰጥቶታል። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር አውትሉክ ኤክስፕረስን የተካው ዊንዶውስ ሜይል እያንዳንዱን ደብዳቤ በኢኤምኤል ቅጥያ የራሱ ፋይል አድርጎ ያስቀምጥ ጀመር። ግንድ ቀፎው በፍሬም ቀፎ ተተካ። አንዱ ደብዳቤ ቢበላሽ አንዱ ብቻ ይበላሻል። ኢኤምኤል ደግሞ ተራ የኢሜይል ጽሑፍ ነው፤ ሌሎች ፕሮግራሞች ይከፍቱታል።

ዊንዶውስ ኤክስፒ የጥገና ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2014 አበቃ። ከዚያ ወዲህ አሮጌው ፕሮግራም ከዓለም ጋር መነጋገርም እያቃተው ሄደ። ሰርቨሮች የሚጠይቁትን አዲስ የምስጠራ ቋንቋ አይችልም። ጉግል በሜይ 2022 መጨረሻ ላይ በስምና በይለፍ ቃል ብቻ ለሚገቡ አሮጌ ፕሮግራሞች በሩን ዘጋ። ስለዚህ ማሽኑ የይለፍ ቃል እየደጋገመ ቢጠይቃችሁ ቃሉ ስህተት ነው ብላችሁ አትድከሙ፤ ሳጥኑም አልተበላሸም። በሩ ነው የተቀየረው። ከእንግዲህ ይህ ማሽን ደብዳቤ መቀበያ መሆኑ ቀርቶ ማኅደር ሆኗል።

ማኅደር መሆኑ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ዩኔስኮ የካፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት አሥር ዓመታት፣ ስለ ዱር ቡናና ስለ ደኑ ብዙ የተጻፈባቸው ዓመታት፣ የዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ነበሩ። የዚያ ዘመን ደብዳቤ በወረቀት የተጻፈ ቢሆን ኖሮ መዝገብ ቤት ይገኝ ነበር። በኮምፒውተር የተጻፈው የት እንዳለ ማን ያውቃል? ቦንጋ የቡና ሙዚየም ያላት ከተማ ናት። ስለ ቡናው የተጻጻፍነውም መጠበቅ ይገባው ነበር።

ታዲያ ፍርዱ ምንድን ነው? አውትሉክ ኤክስፕረስ ደብዳቤውን በባለቤቱ እጅ ማኖሩ ትክክል ነበር፤ ባለቤቱ እንዲጠብቀው ግን አላስተማረውም። ቦታውን ደበቀ፣ ቁልፉን አላሳወቀ፣ አደገኛውን ሥራ እንደ ተራ ጽዳት አቀረበ። እኛ ደግሞ ዛሬ ስልካችን ላይ ወዳለው ኢሜይል ስንሻገር ተቃራኒውን መርጠናል። ደብዳቤው ሩቅ ነው፤ በደንብ ይጠበቃል፤ ግን እጃችን ላይ የለም። የጉግል ነፃ ቦታ 15 ጊጋባይት ነው፤ ፎቶውም ዶክመንቱም ተደምሮ ሲሞላ አዲስ ኢሜይል አይገባም። ሁለት ዓመት ያልተከፈተ የግል አካውንት ሊጠፋ እንደሚችል ድርጅቱ አስታውቋል። ግድግዳው ቦታ ቀየረ እንጂ አልፈረሰም።

ልጅቷን እንጨርስላት። ማውጫውን አውጥታ ፕሮግራሙን ስትከፍተው ኢንቦክሱ ተመለሰ እንበል። እዚህ ላይ አላቆመችም። ደብዳቤዎቹን ከዝርዝሩ መርጣ ዴስክቶፕ ላይ ወደ ሠራችው ፎልደር በማውስ ጎትታ ጣለቻቸው። እንዲህ ሲጎተቱ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ኢኤምኤል ፋይል ሆነው ይወጣሉ። ፎልደሩን ወደ ሁለት ፍላሽ ገለበጠች፤ በሌላ አዲስ ኮምፒውተር ላይ በተንደርበርድ ከፍታ መነበባቸውን አረጋገጠች። አንዱን ፍላሽ ለኃላፊው ሰጠች።

"ሁለተኛውስ?" አሉ።

"እሱ ሌላ ቤት ይቀመጥ ጋሼ። እዚህ ዝናብ ቢገባ ያኛው ይተርፋል።"

እናንተም ቤታችሁ ወይም ወላጆቻችሁ ቢሮ ጨርቅ የለበሰ ማሽን ካለ ይህን ሳምንት ጠይቁ። ፎርማት ከመደረጉ በፊት።